ከቁርጭምጭሚት እስከ ፖዶኮኒዮሲስ፦ ረጅሙን የሕክምና ቃል እንዴት እንከፋፍለው?

በዚህ እትም ይዤላችሁ የቀረብኩት ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ የጤና ሳይንስ ተማሪዎች እንጂ የእኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ጉዳይ ላይመስል ይችላል። ረጃጅም የእንግሊዝኛ የአካልና የበሽታ ስሞች እንዴት እንደሚከፋፈሉና እንዴት እንደሚነበቡ ነው የምጽፈው። «ይሄ እኛን ምን አገባን?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰኝ። የጤና ዜናውን አየር ላይ የሚያነበው እኮ ሐኪሙ አይደለም፤ ጋዜጠኛው ነው። ሐኪሙ ለዓመታት አፉን ያፍታታበትን ቃል እኛ ማይክሮፎን ፊት ቁጭ ብለን ለመጀመሪያ ጊዜ እናገኘዋለን። ያኔ የሚሆነውን ሁላችንም በሬዲዮ ሰምተናል። አንባቢው ቃሉ ጋ ሲደርስ ይንተባተባል፣ ወይም ደግሞ ግማሹን ውጦ ያልፋል። አድማጩም የዜናውን ዋና ነገር፣ ማለትም የበሽታውን ስም፣ ሳይሰማ ይቀራል።

እኔ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ባለ ገጠር ነው። ስለዚህ ምሳሌዎቼን በብዛት የማመጣው ከዚያው ከምዕራብ ጎጃም ነው። ለዚህ ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱን ወደ ኋላ ላይ እገልጸዋለሁ። በቅድሚያ ግን ከራሳችን ቋንቋ እንነሳ።

ፊደል ሌላ፣ ክፍለ ቃል ሌላ

ክፍለ ቃል ማለት በአንድ ትንፋሽ ግፊት፣ በአንድ አናባቢ ዙሪያ የሚወጣ የቃል ቁራጭ ነው። የግጥም መምህሮቻችን «ቀለም» እያሉ የሚቆጥሩት ይህንኑ ነው። ብዙዎቻችን የአማርኛ ፊደል አንዱ ሆሄ አንድ ክፍለ ቃል ይመስለናል። ይህ ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ነገሩን የሚያወሳስበው ሳድሱ ነው። ሳድስ ሆሄ አንዳንዴ አናባቢ ይኖረዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ባዶውን ተናባቢ ብቻ ሆኖ ከፊቱ ያለውን ክፍለ ቃል ይዘጋል።

ምሳሌ ልስጥ። «ቁርጭምጭሚት» የሚለውን ቃል ጻፉና ቁጠሩት፤ ሰባት ሆሄ ነው። አሁን ደግሞ ጮክ ብላችሁ በሉት፦ ቁር · ጭም · ጭ · ሚት። አራት ክፍለ ቃል ብቻ ነው። «ር»፣ «ም» እና የመጨረሻው «ት» የራሳቸው አናባቢ የላቸውም፤ ከፊታቸው ባለው ላይ ተደግፈው ነው የሚወጡት። የውጭ አገር ሰው ይህን ቃል ሲያይ ይደነግጣል። እኛ ግን ገና ልጅ ሳለን፣ ወድቀን እግራችን ሲያብጥ ጀምረን ስለምንለው ርዝመቱ ትዝም አይለን። እንግዲህ ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ቃል የሚከብደው ስለረዘመ ሳይሆን የት የት እንደሚቆረጥ ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

ሌላው ፊደላችን የማያሳየን ነገር መጥበቅና መላላት ነው። «ዋና» ብለን የጻፍነው፣ ላልቶ ከተነበበ ዋ · ና ነው፤ ወንዝ ውስጥ የሚዋኘው። ከጠበቀ ግን ዋን · ና ይሆናል፤ ዋናው መንገድ፣ ዋናው ጉዳይ እንደምንለው። አንድ ድምፅ ሲጠብቅ ግማሹ የፊተኛውን ክፍለ ቃል ይዘጋል፣ ግማሹ ደግሞ የኋለኛውን ይከፍታል። ይህን ልማዳችንን እናስታውሰው፣ ምክንያቱም የእንግሊዝኛ ቃላትንም በዚሁ ጆሮ ነው የምንሰማቸው።

ፍኖተ ሰላምን ያጋጠመች አናባቢ

አብዛኞቹ የሕክምና ቃላት የእንግሊዝኛ ተወላጆች አይደሉም። ከግሪክኛና ከላቲን የመጡ ናቸው። የእኛ ሊቃውንት አዲስ ቃል ሲያስፈልጋቸው ወደ ግዕዝ እንደሚሄዱ ሁሉ፣ የአውሮፓ ሐኪሞችም ወደ ሁለቱ ጥንታዊ ቋንቋዎች ይሄዳሉ። ታዲያ የግሪክኛው አገጣጠም ለእኛ እንግዳ አይደለም ብል ታምኑኛላችሁ?

የምዕራብ ጎጃምን ዋና ከተማ ስም እንውሰድ። በግዕዝ «ፍኖት» ማለት መንገድ ነው። «ሰላም» ደግሞ ያው ሰላም ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ ግን «ፍኖት ሰላም» አይባልም። የመጨረሻው ሳድስ «ት» ወደ ግዕዝ «ተ» ይለወጥና «ፍኖተ ሰላም» ይሆናል፤ የሰላም መንገድ። ያቺ ትንሽ አናባቢ ሁለቱን ቃላት የምታያይዝ ማጋጠሚያ ናት። ቤት ቤተ ክርስቲያን የሚሆነው፣ ሆድ ሆደ ሰፊ፣ ልብ ልበ ሙሉ፣ እጅ እጀ ሰባራ የሚሆኑት በዚሁ መንገድ ነው። አያችሁ፣ በአካል ክፍል ስም ቃል መሥራት ለእኛ የቆየ ሙያ ነው።

ግሪክኛም የራሱ ማጋጠሚያ አለው፤ «ኦ» ናት። ልብ «ካርዲያ» ከሆነ፣ የልብ ሕክምና ጥናት ካርዲ-ኦ-ሎጂ ነው። ጨጓራን ወይም ሆድን የሚመለከተው «ጋስትር» ከሆነ፣ ጨጓራን በመሣሪያ ማየት ጋስትር-ኦ-ስኮፒ ነው። ተከታዩ ቁራጭ በራሱ አናባቢ የሚጀምር ከሆነ ግን ማጋጠሚያዋ ብዙውን ጊዜ ትወድቃለች። ለዚህ ነው የጨጓራ መቆጣት «ጋስትሮአይተስ» ሳይሆን «ጋስትራይተስ» የሚባለው። እንግዲህ በአንድ ረጅም የሕክምና ቃል መሀል «ኦ» ስታዩ ቆም በሉ። ብዙውን ጊዜ እዚያ ጋ አንድ ቃል አልቆ ሌላው ሊጀምር ነው።

አንድ ልዩነት ግን አለ። በግዕዝ ዋናው ቃል ከፊት ይመጣል፤ መጀመሪያ «ፍኖት» ቀጥሎ «ሰላም»። በግሪክኛው ዋናው ነገር በአብዛኛው መጨረሻ ላይ ነው፤ ልክ እኛ በአማርኛ «የሰላም መንገድ» እንደምንለው። ስለዚህ የሕክምናን ቃል ትርጉም መፈለግ የሚጀመረው ከጅራቱ ነው። «ሎጂ» ከሆነ ጥናት፣ «አይተስ» ከሆነ መቆጣት፣ «ስኮፒ» ከሆነ በመሣሪያ ማየት፣ «ኦሲስ» ከሆነ አንድ ሁኔታ ወይም ሕመም ነው።

አንገታችን ላይ ያለው መንገድ

አሁን አንድ በእርግጥ የሚያስፈራ የአካል ስም እንያዝ፦ ስተርኖክላይዶማስቶይድ። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ 19 ፊደል ነው። በእኛ ሆሄ ደግሞ 13 ይሆናል። ይህን ነገር ለማየት የሕክምና መጽሐፍ አያስፈልግም። ቀኝ እጃችሁን ከቀኝ ጆሯችሁ በታች አንገታችሁ ላይ አድርጉና ፊታችሁን ወደ ግራ አዙሩ። እንደ ገመድ ተወጥሮ ከጆሮ ጀርባ ወደ ደረት የሚወርድ ነገር ትነካላችሁ። ያ ጡንቻ ነው ባለቤቱ።

ስሙን ስንፈታው ሦስት ቃል ነው። «ስተርን» የደረት አጥንት ነው፤ በሬ ሲታረድ «ፍርምባ» የምንለው ሥጋ ያለበት ቦታ። «ክላይድ» በግሪክኛ ቁልፍ ማለት ሲሆን፣ ከአንገት ግርጌ በግራና በቀኝ ተጋድሞ የሚታየውን አጥንት ያመለክታል። «ማስቶይድ» ደግሞ ከጆሮ ጀርባ ዝቅ ብላ የምትዳሰሰው የአጥንት ጉብታ ናት። «ማስት» ጡት፣ «ኦይድ» የሚመስል ማለት ነው፤ ጡት መሰል። ይህቺን «ኦይድ» እናውቃታለን፤ የስልካችን «አንድሮይድ» ሰው መሰል፣ «አስትሮይድ» ደግሞ ኮከብ መሰል ማለት ነው።

በዚህ ቃል ውስጥ ሦስቱ ቁርጥራጮች የተደረደሩት እንደ መንገድ ጣቢያ ነው። ጡንቻው ከደረት አጥንትና ከቁልፍ አጥንት ተነስቶ ጆሮ ጀርባ ጉብታዋ ላይ ይደርሳል። የመኪና ረዳት በር ላይ ቆሞ «ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ማንኩሳ፣ ቡሬ!» እያለ ሲጣራ የሚነሳበትንና የሚደርስበትን እንደሚነግረን ማለት ነው። ብዙ የጡንቻ ስሞች እንዲህ መነሻቸውንና መድረሻቸውን የሚጠሩ ናቸው።

ትርጉሙ ከገባን ክፍለ ቃሉ ራሱ ይመጣል፦

ስተር · ኖ · ክላይ · ዶ · ማስ · ቶይድ

ስድስት ብቻ! ታዲያ ለምን ይደክመናል? መልሱ ያለው በአፋችን ልማድ ውስጥ ነው። አማርኛ በቃል መጀመሪያ ላይ ሁለት ተናባቢ ተጣብቀው ሲመጡበት አይወድም። ስለዚህ ወይ ከፊታቸው ወይ በመሀላቸው «እ» ያስገባል። ስፖርትን «እስፖርት»፣ ስታዲየምን «እስታዲየም» የምንለው ለዚህ ነው። በዚሁ ልማድ «ስተር» «እስ · ተር» ይሆናል፣ «ክላይ» ደግሞ «ክ · ላይ» ይሆናል። ስድስት የነበረው ቃል ስምንት ሆነ ማለት ነው። በመንደር ወሬ ይህ ነውር የለበትም፤ አማርኛ የራሱ ሕግ አለውና። ዜና አንባቢ ግን ትንፋሹን አስቀድሞ ማስላት አለበትና ሁለት ያልታሰቡ ክፍለ ቃሎች ሲጨመሩበት መጨረሻው ላይ ይጨንቀዋል። «ማስቶይድ» የሚለውን የሚውጠውም ያኔ ነው።

ጫናው የት ይውደቅ?

በአማርኛ የቃል ትርጉም የሚለውጠው መጥበቅና መላላቱ ነው እንጂ አንዱን ክፍለ ቃል ጠንከር አድርጎ መጥራቱ አይደለም። በእንግሊዝኛ ግን ጫና ትልቅ ሥራ ይሠራል። «ሪከርድ» የምንለውን ቃል ውሰዱ። ጫናው መጀመሪያው ላይ ሲወድቅ የተቀዳው ነገር ወይም መዝገቡ ነው። መጨረሻው ላይ ሲወድቅ «ቅዳ፣ መዝግብ» የሚል ግስ ነው።

በሕክምና ቃላት ላይ ጫናውን በአብዛኛው የሚወስነው ጅራቱ ነው። በ«ሎጂ» የሚያልቅ ከሆነ ጫናው ከ«ሎጂ» መነሻ ላይ ባለው «ኦ» ድምፅ ይወድቃል፤ ባዮሎጂና ካርዲዮሎጂ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። በ«አይተስ» የሚያልቅ ከሆነ ጫናው ያለው «አይ» ላይ ነው፤ ሄፓታይተስ፣ ብሮንካይተስ። በ«ኦሲስ» የሚያልቀው ደግሞ በብዙዎቹ ላይ ጫናው «ኦ» ላይ ያርፋል፤ ቱበርክሎሲስ። ስተርኖክላይዶማስቶይድ ላይ ዋናው ጫና «ማስ» ላይ ሲሆን «ስተር» እና «ክላይ» ቀለል ያለ ጫና አላቸው። «ኖ» እና «ዶ» ማጋጠሚያዋን የያዙ ስለሆኑ ፈጠን ብለው ያልፋሉ።

እዚህ ላይ አንድ የግል አስተያየት ልስጥ። የእንግሊዝኛ ዜና ስናነብ ጫናውን መጠበቅ ግድ ነው። በአማርኛ ዜና ውስጥ ግን ቃሉን እንደ ለንደን ሰው ለመጥራት መወራጨት አያስፈልግም። አድማጭን ከዜናው ነጥቆ ወደ አንባቢው አፍ ይወስደዋል። በአማርኛ የሚያስፈልገው አንድም ክፍለ ቃል ሳይዋጥ፣ በእኩል እርጋታ፣ በትክክለኛው ቦታ ተቆርጦ መነበቡ ነው።

የአንዲት ድምፅ ዋጋ

«ትንሽ ብትሳሳትስ ምን ይመጣል?» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ሁለት ምሳሌ ይበቃል። «ሃይፐር» ከመጠን በላይ ማለት ሲሆን «ሃይፖ» ከመጠን በታች ማለት ነው። የአንድ ክፍለ ቃል ለውጥ የደም ግፊት መጨመርን ወደ መቀነስ፣ የደም ስኳር መብዛትን ወደ ማነስ ይገለብጠዋል። ለስኳር ሕመምተኛ ሁለቱ ተቃራኒ እርምጃ የሚጠይቁ ሁኔታዎች ናቸው።

ሁለተኛው ይበልጥ ይገርማል። «ፔሮኒያል» የታችኛውን እግር የውጭ ጎን የሚመለከት ነው። «ፔሪኒያል» ደግሞ በሁለቱ ጭኖች መካከል፣ በመቀመጫ አካባቢ ያለውን። ልዩነታቸው «ሮ» እና «ሪ» ብቻ ናት። ሐኪሞቹ ራሳቸው በዚህ ሲቸገሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ዓለም አቀፉ የአካል ስሞች ዝርዝር የመጀመሪያውን «ፊቡላር» በሚለው ስም መጥራትን መርጧል፤ ፊቡላ ከታችኛው እግር ሁለት አጥንቶች ቀጭኑ ነው። ባለሙያው እንኳ ስም እስከ መቀየር ከደረሰ፣ እኛ አንባቢዎች ብንጠነቀቅ አይበዛብንም።

ለጨዋታ የተሠራው ቃልና ለእኛ አገር ሕመም የወጣው ስም

በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ከሚገኙት ሁሉ ረጅሙ እየተባለ የሚጠቀስ አንድ የበሽታ ስም አለ፤ 45 ፊደል ነው። ኒሞኖ-አልትራ-ማይክሮስኮፒክ-ሲሊኮ-ቮልካኖ-ኮኒዮሲስ። በእሳተ ገሞራ ደቃቅ አቧራ ምክንያት የሚመጣ የሳንባ ሕመም ለማለት ነው። አሥራ ዘጠኝ ክፍለ ቃል አለው። መጀመሪያው ላይ እንግሊዝኛው «ፒ» ይጽፋል፤ ድምፁ ግን አይሰማም። ይህን ቃል እ.ኤ.አ. በ1935 የፈጠረው የአሜሪካ የቃላት እንቆቅልሽ ወዳጆች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ኤቨረት ስሚዝ ነው። ሐኪም በሽተኛ አይቶ ያወጣው ስም አይደለም፤ ርዝመቱ እንዲያስገርም ታስቦ የተሠራ ነው።

የዚህን ቃል ጅራት አስተውሉልኝ፤ «ኮኒዮሲስ» ይላል። ይኸው ጅራት በእውነተኛ ሕመም ስም ላይም አለ። ሕመሙ ደግሞ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ስሙን ያወጣው ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሲሆን፣ በዚሁ ስም ያዘጋጀው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። እንክፈለው፦

ፖ · ዶ · ኮ · ኒ · ዮ · ሲስ

አሁንም ስድስት ነው፤ ጫናውም እንደ አንገቱ ጡንቻ አምስተኛው ላይ፣ «ዮ» ላይ ይወድቃል። በእንግሊዝኛው «ኒ» እና «ኦ» ናቸው፤ አማርኛ ሁለት አናባቢ ጎን ለጎን ስለማይመቸው መሀላቸው «ይ» አስገብቶ «ኒዮ» አደረገው። ምንም አይጎዳም። ትርጉሙም ግልጽ ነው። «ፖድ» እግር ነው፤ ካሜራ የምናቆምበት «ትራይፖድ» ባለ ሦስት እግር እንደሆነው። «ኮኒያ» አቧራ፣ «ኦሲስ» ሕመም። በአንድ ላይ፣ ከአፈር የሚመጣ የእግር ሕመም ማለት ነው።

መግቢያው ላይ ሌላ ምክንያት አለኝ ያልኩት ይህንን ነው። ባለፈው የእረፍት ጊዜ አገር ቤት ሳለሁ አንዲት ጎረቤታችን እማማ ቡና ልንጠጣ ቁጭ ባልንበት ስለ እግራቸው አነሱብኝ። ሁለቱም እግሮቻቸው ካበጡ ዓመታት አልፈዋል። ሰው «ዝሆኔ» ነው የሚለው። እሳቸው ግን ሕክምና ሄደው አዲስ ስም ሰምተው መጥተዋል።

«አንተ የተማርከው፣» አሉኝ፣ «ፖዶ... ፖዶ ምናምን አሉኝ። መጨረሻውን ያዝኩት ስል አመለጠኝ።»

«ፖዶኮኒዮሲስ ነው እማማ?»

«እሱን ነው! ተወው ልጄ፣ ስሙ እንዲህ የረዘመ በሽታማ የሚድን አይደለም።»

ይህ አባባላቸው ከጆሮዬ አልወጣም። የስሙን ርዝመት የበሽታው ክፋት መለኪያ አድርገውታል። ደግሞም አይፈረድባቸውም። ራስ ምታት፣ ቁርጠት፣ ጉንፋን የምንላቸው ቶሎ የሚለቁ ሕመሞች ስማቸው አጭር ነው። ባዕድና ረጅም ስም ይዞ የመጣ ነገር ያስፈራል። ስሙን እንደላይኛው ቆራርጬ ነገርኳቸው፤ እግር፣ አቧራ፣ ሕመም። ዝም ብለው ቆዩና «እህ... የአፈር በሽታ ነው በሉኛ! ታዲያ ዘር ነው እያሉ ልጄን የሚያስፈሯት ለምንድን ነው?» አሉ።

የእማማ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሳይንሱ የሚለው እንዲህ ነው። ሕመሙ የሚመጣው ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር ቀይ አፈር በመርገጥ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ የሚገኝ አፈር ማለት ነው። የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣቶች በእግር ቆዳ በኩል ይገቡና ውስጡን ይጎዳሉ፤ እግር ከታች ጀምሮ ያብጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ትዳር የሚከለክል፣ ከማኅበር የሚያስወጣ ምንም ነገር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ ፋሲል ተኮላ አየለ የመሩት ጥናት አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ለዚህ ሕመም ይበልጥ ተጋላጭ እንደሆኑ አሳይቷል። አንድ ቤት ውስጥ ደጋግሞ የሚታየው አንድም ለዚህ ነው። ነገር ግን ተጋላጭ የሆነውም ሰው እግሩ ከአፈሩ ከተጠበቀ አይታመምም። የእማማ ልጅ ጫማ እስካደረገችና እግሯን እስከታጠበች ድረስ የምትፈራበት ምክንያት የለም።

አገራችን ውስጥ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ይህ ሕመም እንዳለባቸው ተገምቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በደምበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል 3.3 በመቶው ላይ አግኝቶታል። ከሠላሳ ሰው አንዱ እንደማለት ነው። ደምበጫ ማለት ከፍኖተ ሰላም ትንሽ መንገድ ነው። የእኛ ገበሬ ጫማ ቢኖረውም እርሻ ላይ ያወልቀዋል፤ ኮንጎው ጭቃ ይይዛል፣ ከዚያም ቀይ አፈሩን ውሎ ያድራል። ስለዚህ ጉዳዩ ጫማ መግዛት ብቻ ሳይሆን ሥራ ላይም ማድረግ ነው።

የታመመውስ? እግርን በየቀኑ በውሃና በሳሙና መታጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቆዳው እንዳይሰነጣጠቅ ቅባት መቀባት፣ ሲያርፉ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ይህ ቀላል እንክብካቤ በሕመሙ ላይ ትኩሳትና ኃይለኛ ሥቃይ ይዞ የሚመጣውን ግርሻ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2018 ከምሥራቅ ጎጃም የወጣ ጥናት አረጋግጧል። ገና በጅምሩ ከተያዘ እብጠቱም ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ የእማማ «የሚድን አይደለም» ልክ አልነበረም።

ትክክለኛው ስም ሌላም ጥቅም አለው። «ዝሆኔ» የሚለው ስም ሁለት የተለያዩ ሕመሞችን አንድ ላይ ያጠቃልላል። ሌላኛው ፋይላሪያሲስ የሚባለው ነው፤ እሱ በትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ፣ በትል የሚመጣና በአብዛኛው በቆላ የሚገኝ ሲሆን፣ መከላከያውም አጎበርና የሚዋጥ መድኃኒት ነው። የቡሬን ደገኛ ገበሬ ስለ «ዝሆኔ» እየነገርን አጎበር ብቻ ብናስታውሰው ጫማውን አስረሳነው ማለት ነው።

ማይክሮፎን ፊት ከመቅረባችን በፊት

እንግዲህ የተባለውን ሁሉ ወደ ሥራ እንለውጠው። ረጅም የሕክምና ቃል ያለበት ስክሪፕት ሲሰጠን እንዲህ ብናደርግ ብዬ አስባለሁ።

አንደኛ፣ ቃሉን በትርጉሙ እንቁረጠው። «ኦ» የምትታይባቸውን ቦታዎች እንፈልግ፣ ጅራቱን እንለይ። ሁለተኛ፣ ክፍለ ቃሎቹን በአማርኛ ፊደል፣ በመሀላቸው በስክሪብቶ መስመር እያሰመርን ስክሪፕቱ ላይ እንጻፋቸው። የትኛው ሳድስ ባዶ እንደሆነ ምልክት እናድርግ። ሦስተኛ፣ ከኋላ ጀምረን እንለማመደው፦ ሲስ፣ ዮሲስ፣ ኒዮሲስ፣ ኮኒዮሲስ፣ ዶኮኒዮሲስ፣ ፖዶኮኒዮሲስ። ከፊት ስንጀምር ትንፋሽ የሚያልቀው የማናውቀው ክፍል ላይ ስንደርስ ነው። ከኋላ ስንጀምር ግን ሁልጊዜ ወደምናውቀው እንሄዳለን። አራተኛ፣ ከተጠራጠርን ሐኪም ወይም ነርስ እንጠይቅ፤ ስልክ መደወል አያሳፍርም።

አምስተኛውና ለእኔ ዋነኛው፣ ቃሉን አንብበን ዝም አንበል። ስሙን አንዴ በትክክል ጠርተን ወዲያው በአማርኛ እንፍታው። «ፖዶኮኒዮሲስ፣ ማለትም ከቀይ አፈር የሚመጣ የእግር እብጠት» ለማለት የሚፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነው። አማርኛ ለዚህ የሚሆን ቃል አያጣም። ባት፣ ታፋ፣ ማጅራት፣ ብብት፣ እንጥል፣ ቆሽት፣ ጣፊያ፣ ሐሞት የሚሉ ቃላት ያሉት ቋንቋ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም ብዙ ሙያዊ ቃላትን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሞከረ ሥራ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ስትሄዱ ብታገላብጡት አትጠፉበትም።

በአገራችን ሕክምና የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚታመሙት ግን በእናት ቋንቋቸው ነው። በሁለቱ መሀል ያለውን ቦታ ከሐኪሙ ቀጥሎ የሚሞላው ጋዜጠኛ ነው። እንደ ፍኖተ ሰላሟ «ተ» መሀል ገብተን የምናጋጥም ልንሆን ይገባል ባይ ነኝ። አስተያየት ያላችሁ፣ ወይም ከየአካባቢያችሁ የሰማችኋቸው አስቸጋሪ የሕመም ስሞች ካሉ፣ ለቡለቲኑ ዝግጅት ክፍል ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እትም አብረን እንቆርጣቸዋለን።

እስከዚያው ቸር ያሰንብተን!